ተራ የሌለው ጨዋታ

በቤርሳቤህ ከተማ፣ በጡረተኞች ክበብ፣
ሥራዬ ሻይ ማፍላት፣ የሰው ስም መመዝገብ፣
የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ ነው እንጂ፣
ሰንጠረዥ የት ዐውቄ? ማን አርጎኝ ፈራጂ?

አንደኛው ዚኖቪ ነው፣ ከሆሜል የመጣ፣
ባለ ሁለት ፊቱን ሰዓት ይዞ ’ሚወጣ።
ሌላው አባ ተዛዙ፣ የወገራ አንጥረኛ፣
ጆሯቸው የከዳ፣ ምላሳቸው ጤነኛ።
አንዱ ዕብራይስጡን በሩስኛ ይሰብራል፣
ሌላው «ሻሎም» ብሎ እዚያው ያሳድራል።

አራት ወር ጎን ለጎን ጸጥ ብለው ኖሩና፣
አንድ ሐሙስ ዚኖቪ ሰሌዳ አመጣና፣
ከነጩ ንጉሥ ጎን አንድ ጠጠር አቆመ፤
«ፈርዝ» አለ ለራሱ፣ አጉተመተመ።
አባ ዞር አሉ፤ ያ የከዳቸው ጆሮ
ምን እንደ ሰማ እንጃ፣ ነቃ ተወርውሮ።

«ምን አልክ?»
«ፈርዝ።»
«ፈርዝማ የአባቴ ነው!
አንተ ከየት ሰማኸው?»

ማታ ቤት ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩኝ፤
እውነት ነው፣ አንድ ነው፣ ቁጭ ብዬ ሳቅሁኝ።
ከፋርስ የወጣ ቃል መንገድ ተከፍሎበት፣
ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ጎንደር ገብቶበት፣
ከሺህ ዓመት ኋላ፣ ሁለቱም ሸብተው፣
በፕላስቲክ ወንበር ተያዩ ተቀምጠው።
ደግሞም «ሯጭ» ያልነውን፣ በዕብራይስጡ ቃል፣
እሱ ዝሆን ሲለው፣ እሳቸው ፊል ብለዋል፤
ፊልም ዝሆን ኖሯል! ሁለት መንጋ ዝሆን
በኔጌብ አቋርጦ ሞላው ክበባችን።

ስምምነት ግን የለም፤ ጸቡ ገና መጣ።
ዚኖቪ አንድ ወታደር ወደ ፊት ሲያወጣ
አባ ሳይጠብቁ ሦስት መደቅ አስነሡ።
«ተራ!» ብሎ ጮኸ። «ምን ተራ?» መለሱ፤
«ወረራ ነው እንጂ! ደም እስኪፈስ ድረስ
ማን ማንን ይጠብቃል? ጠላት ሲገሰግስ
እጅህን አጣጥፈህ ታየዋለህ ቆመህ?»
ተረጎምኩ። ሰዓቱን አየና «ምን ላድርግህ?»

ፈርዙን ከዳር እዳር ሲያስፈነጥረውማ
አባ ከት ብለው ሳቁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።
«ፈርዝ አማካሪ ነው፣ ከንጉሥ አይርቅም፣
በሰያፍ አንዲት ስንዝር፣ ከዚያ ወዲያ አያልፍም።
ምን አስሮጠው?» አሉ። ይኽም ተጽፎ አለ፦
አምስት መቶ ዓመት ነው ክንፍ ካበቀለ፣
በፈረንጅ አገር ሴት ሆኖ ከዋለ።
እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሁ እንጃ፣
ሴት ሲሆን ማግኘቱ ረጅም እርምጃ።

ወደ ማምሻው ግድም አባ ተራቆቱ፤
አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሞቱ።
ዚኖቪ ፈገግ ሲል ጣታቸውን ቀሰሩ፦
«ከንጉሥ ጋር አንድ ሎሌ ከቀረ በአገሩ፣
ሎሌው ሰባት ጊዜ እስኪረግጥ ነው ቀኑ፤
ካልጨረስክ እስከዚያ፣ እኩል ነው ሚዛኑ።»
«ሰባት?» አለ። «ሰባት» አልኩት እኔም ደግሜ፤
የሰባት ጉድጓድ ናት የምኖርባት ከተማዬ፣
ቁጥሩን ማን ይክደዋል?

አንድ።
ሁለት።
ሦስት ላይ ሻዩ ቀዘቀዘ።
አራት። አምስት።
በስድስት ዚኖቪ ግንቡን በእጁ ያዘ፤
እኔም እንኳ አየሁት፣ ንጉሡ መግቢያ የለው።
አባ ቀና ሳይሉ፦ «በግንብማ ማንም ይገድላል፤
በመደቅ ነው ወንድ የሚለየው።»
ይህን አልተረጎምኩም።
እንዴት እንደ ገባው አላውቅም፤ እጁ
ግንቡን ለቀቀና አንዲት ወታደር ገፋ።
ሰባት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያንኑ ሰዓቱን
አምጥቶ አስቀመጠ፣ ሳይሞላው መዘውሩን፤
ወንበሩን ሳበና፣ ጠጠር ደረደረ፣
ሁለት እጁን አሸ፣ አባን ተመለከተ፣
«ወርርረራ» አለ፣ ራን እያንከባለለ።